ከግንቡ ፊት የተነሳናቸው ፎቶዎች

ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ፉሪ፣ አዲስ አበባ

ውድ ባለቤቴ ጫልቱ፣

መጀመሪያ ፖስታውን ገልብጠሽ ጽሕፈቱን እዪው። የማን እጅ ይመስልሻል? የኮርሳ ነው፣ የባልሽ። እጄን ይዞ ያስጻፈኝ የለም። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲደረድር የኖረ ሰው ፊደል መደርደር አያቅተውም ብዬሽ አልነበር? የማታ ትምህርቱን ጨርሰን ወረቀት ሲሰጡን ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ የወጡት እማማ መነጽራቸው ባይሰበር ኖሮ ይበልጡት ነበር ብለው የሚያወሩ አሉ። ምቀኛ መቼ ይጠፋል። አስተማሪያችን ሚካል እንደምታወራው ጻፍ ትለኝና ቆየት ብላ ግማሹን ብቻ ብላ ትጨምራለች።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን ደብዳቤ ልጃችን ለሊሴ አጠገብ ተቀምጠሽ አታንብቢው። አራስን ማስደንገጥ እንደማይገባ አንቺ ነሽ ለአገር የምትነግሪው። አባዬ ምን አለ ካለችሽ ሰላምታ ነው በያትና ወደ ጓሮ ውጪ። ሰኞ ዕለት የደወልኩትም ይህንኑ ልነግርሽ ነበር። አንቺ ግን ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍተሽ አልጋው ላይ አስቀምጠሽው ኖሮ፣ ግንቡ ሊወድቅ ነው ስልሽ እናትና ልጅ አብራችሁ ሳቃችሁ። ሰው ሲርቅህ ቀልድህ ይብሳል አልሽኝ፤ ሕፃኑ አለቀሰ፤ ተዘጋ። አልተቀየምኩም። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያስቅሽ የኖረ አፍ እንዴት አድርጎ በአንድ ቀን ይታመናል? የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ወረቀት ድምፅ የለውም፤ ምናልባት እሱን ታምኚው ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ ከቸርች መልስ ልጆቹን ይዤ ሽርሽር ወጣሁ። አንቺ አሰላ ልታርሺ ስለሄድሽ ዘንድሮ ይቅር ብዬ ነበር፤ ኦሊያድ ግን ትምህርት ቤት ሲከፈት ክረምቱን የት ከረምክ ሲሉኝ ምን ልበል ብሎ አኮረፈ። የእሱን ኩርፊያ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ እራት እየበላ ነው የሚያኮርፈው። ወጨጫ ተራራ ግርጌ እንሂድ ተባባልን። ከመውጣታችን በፊት እንደ ልማዳችን በታች በኩል ዞረን መተላለፊያው ላይ ቆምንና ከግንቡ ፊት ፎቶ ተነሳን። መሄጃችን የትም ይሁን መነሻችን የኮርሳ ግንብ ነው የሚለው ደንብ የእኔ ነው፤ በዚህ እጄ የገነባሁት፣ ከላይ ቤታችንን ተሸክሞ ከታች የጎረቤታችንን የኑረዲንን ቤት የሚጋርድ ግንብ እያለ ለምን ሌላ ቦታ እንጀምራለን? እህቱ ኦብሴ በስልኳ አነሳችን። ኦሊያድ እንደ ዓምናው በግንቡና በመብራቱ ምሰሶ መካከል ጭንቅላቱን አሾልኮ ልነሳ አለ። አልገባለትም። ጆሮው ተላጠና አለቀሰ። እኔም ጭንቅላትህ አድጓል፣ ባዶውን ካልሆነ ጥሩ ነው ብዬ ቀለድኩበት። እያለቀሰ ሳለ ነው የተነሳው።

መንገዱን ብታዪው! ታክሲ ውስጥ መስኮት ይዤ ያገኘሁትን ታፔላ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጎሚስታ። የሚከራይ ክፍል አለ። እዚህ ቦታ መሽናት በሕግ ያስቀጣል። ዓለም ገና ስንደርስ ረዳቱ «አባት፣ ወራጅ የሚለውን ሲያገኙ ንገሩኝ» አለና ታክሲው በሳቅ ሞተ። ኦብሴ በየደረስንበት ታነሳኛለች፤ ጎሚስታው በር ላይ ጎማ ተደግፌ፣ በቆሎ ከምትጠብሰው ሴትዮ ጎን ማራገቢያዋን ይዤ፣ ሰበታ ላይ ደግሞ የሰው መኪና ተደግፌ ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ። ሽቅብ ጥቂት እንደወጣን ግን ዝናቡ ጣለው። ሮጠን አንዲት ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ተጠለልን።

እዚያ ቆመን ነው ኦብሴ የድሮ ፎቶዎቻችንን ማሳየት የጀመረችው። የዘንድሮው፣ የዓምናው፣ የካቻምናው፣ ሁሉም ከግንቡ ፊት። እሷ የምትስቀው በጢሜ ነበር። እኔም አብሬ ስስቅ ቆይቼ በድንገት ስልኩን ከእጇ ወሰድኩት። ካቻምና በግንቡና በምሰሶው መካከል ሰማይ ይታያል፣ ሰፊ ሰማይ። ዓምና የኦሊያድ ጭንቅላት ገብቶበት በግራና በቀኝ ትንሽ ይተርፋል። ዘንድሮ የተላጠ ጆሮ ብቻ ነው ያለው። ጫልቱ፣ ያደገው የልጁ ጭንቅላት አልነበረም።

ፈራሁ። እንዲህ ብዬ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፣ ቃሉንም ሳልሳሳት ነው የጻፍኩት። በዚያ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ፉሪ ላይ በግንቤ ጀርባ የሚወርድ መሰለኝ። ልጆቹ ገና አልደረስንም እያሉ በዝናብ መለስኳቸው።

ቤት እንደገባሁ ቱንቢዬን፣ ያን ቀጥታ የምለካበትን ባለ ክር ብረት፣ ከግንቡ አናት አወረድኩት። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ግንቡ ግን መሐል ላይ ክሩን ገፍቶታል። ሆዱን ነፍቷል፤ ወሯ እንደገባ ሴት ሆድ። ምክንያቱ ጠፍቶኝ መሰለሽ? የኑረዲን ልጅ ስትዳር ትዝ ይልሻል፤ ከሥር ድንኳን ተጥሎ ከግንቡ ቀዳዳዎች የሚወርደው ጭቃ ውሃ የሙሽራዋን መግቢያ ያበላሻል ብሎ ቢለምነኝ ለጎረቤት የማይደረግ የለም ብዬ ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ ደፈንኳቸው። አንዲት ጠብታ ካለፈች ጢሜን ላጩኝ ብዬ ስፎክር እልል ያልሽው አንቺ ነሽ። ጠብታም አላለፈች። ሰርጉ አማረ፣ ጢሜም ተረፈ፣ ውሃው ግን መውጫ አጥቶ ከኋላ ተጠራቀመ። አባቴ ይህችኑ መሬት ሲያርስ፣ ጥቁሩ መረሬ አፈር በጋ አፉን ከፍቶ ይጠማል፣ ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲያብጥ አትቁምበት ይል ነበር። እኔ ቆሜበት ብቻ መቼ ቀረሁ፤ ቤት ሠራሁበት።

ወዲያው ኑረዲን ዘንድ ወረድኩ። ልጆቹ የሚተኙት በየትኛው ክፍል እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ግድግዳው ከግንቡ በአንዲት መተላለፊያ ብቻ ነው የሚርቀው። ልጆችህን ዛሬውኑ አውጣ አልኩት። ሱቁ ውስጥ ስኳር እየሰፈረ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ ብሎ የቀልዱን መጨረሻ ይጠብቃል። መጨረሻ የለውም አልኩት። ባሰበት፤ ሳቀ። ጅብ ገባ ብዬ መንደሩን በሌሊት ልብሱ ያስወጣሁበትን ቀን አነሳብኝ።

«አቦ ኮርሳ፣ ይሄ ግንብ በምጽአት ቀን እንኳ ተፈንቅሎ የሚወድቅ አይደለም ብለህ ስትምልልን የኖርከው አንተ አይደለህም እንዴ? አሁን ማንን እንመን፣ አንተን ወይስ አንተን?»

ድጅኖዬን አመጣሁና እጁን ይዤ ወደ መተላለፊያው ወሰድኩት፤ አንዱን የተደፈነ ቀዳዳ ጫር ጫር አደረግኩት። ሲሚንቶው ከመነሳቱ ጥቁር ውሃ እንደ ቧንቧ ተፈናጥሮ ደረቱን መታው። ከዚያ ግንቡ ድምፅ አሰማ። ተኝቶ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው፣ ግን ከውስጥ፣ ከላይ እስከ ታች። ድጅኖውን ጥዬ ሁለታችንም ሮጥን። ኑረዲን ገብቶ ልጆቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ አወጣ፣ ቤት ከቀሩት ትልቋን ሳይቀር። ሁሉንም መካኒሳ ዘመዶቹ ጋ ወሰዳቸው። የእኛዎቹ ለቡ እህቴ ጋ ናቸው፤ አታስቢ። የወረዳ ሰዎችም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ በጥሩ አነጋገሩኝ፣ ባለሙያ ይመጣል አሉ። ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም፤ መተላለፊያውንም በገመድ ብዘጋው ሰው እየዘለለ ያልፋል። ኮርሳ ቀልዱን ነው ይላሉ። ትናንት አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ከገመዱ ሥር ጎንበስ ብላ ስታልፍ ስጮህባት ፈገግ አለችልኝ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት እጀምረዋለሁ። ከላይ፣ ከጀርባው አፈሩን እየቀነስኩ ድንጋዩን አንድ በአንድ አወርደዋለሁ። ከዳር ያለችውን ክፍል፣ የእንግዳ መቀበያሽን፣ ቀድሜ ማንሳት ነበረብኝ፤ ቆርቆሮውን ዛሬ ገፈፍኩት። አዲሱ መጋረጃሽ ታጥፎ እህቴ ጋ ነው፣ ጭቃ አልነካውም። ሌላ ግንበኛ ቅጠር ብለውኝ ነበር። የሰው ልጅ እኔ ከደፈንኩት ግንብ አጠገብ አላስጠጋም። ኑረዲን ገመድ ወገቤ ላይ አስሮ ከባህር ዛፉ ጋር ይይዘኛል። ከስኳር ሌላ ክብደት ይዞ የማያውቅ ሰው ነው የሚይዘኝ ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። ጫልቱ፣ የእሱ አለመሳቅ ከግንቡ ድምፅ ይልቅ አስፈራኝ።

ይህን የሚያደርስልሽ የአሰላ መስመር ሾፌሩ ጸጋአብ ነው፤ ነገ ማታ እጅሽ ይገባል። ስታነቢው ጀምሬዋለሁ፤ ስለዚህ አትከልክዪኝ። እኔ ሳልደውል ደግሞ እንዳትነሺ፤ አራስ ትቶ አይሮጥም። ኦብሴ ከደወለች ግን ስልኩን ከአልጋው አንሺና ጆሮሽ ላይ አድርጊው።

ፎቶዎቹን አሳትሜ ከውስጥ አድርጌያለሁ። የካቻምናውንና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አድርገሽ እዪ፣ ያኔ ታምኚኛለሽ። ሦስተኛው ወደ ወጨጫ ስንወጣ፣ ዝናቡ ሳይጥል፣ ብቻዬን የተነሳሁት ነው። በፎቶ ሁሉ ፊትህን ታጣምማለህ እያልሽ ትቆጪኝ የለ፤ በዚህኛው ቀጥ ብያለሁ። ኦብሴ ናት አንዴ እንኳ እንደ ሰው ቁም ያለችኝ። ጥሩ ሆኖ ወጥቷል፤ አስቀምጪው።

ጌታ የለሊሴን ወተት ያብዛላት፣ ጉልበቷን ይመልስላት። የአንቺንም ወገብ ያበርታ፤ የሕፃኑን ጨርቅ ስታጥቢ ቀዝቃዛ ውሃ አትንኪ። ለሕፃኑ ያሰብኩለት ስም አለ። በወረቀት አልናገረውም፣ አሰላ ድረስ መጥቼ፣ እቅፌ ላይ አድርጌው፣ በጆሮው ነው የምነግረው ብዬ ወስኜ ነበር።

አይ፣ እዚሁ ልጻፈው። ፍሮምሳ በሉት።

ባልሽ
ኮርሳ