ስለ ቤተ ሙከራችን ያማረ ኮርኒስ ለርዕሰ መምህራችን የተጻፈ

ለክቡር ርዕሰ መምህራችን፤
ቢሮዎ ከሌሉም በየኮሪደሩ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እያልኩ፣ ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም በጠዋት ሰልፍ ላይ ያለ ማይክራፎን ሰዓት ሙሉ የሚያገለግልዎትን ጉሮሮዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልን ከልብ እመኛለሁ። እኛ ተማሪዎችዎ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ እስካልገባን ድረስ፣ እጅግ ደህና ነን።

ወደ ጉዳዬ ከመዝለቄ በፊት ኅሊናዬን ሲኮሰኩሰው የከረመ አንድ ጥፋት አለኝና እዚሁ በአደባባይ ልናዘዘው። ባለፈው ወር ከመምህራን መሰብሰቢያ ክፍል የጠፋውን፣ ረጅሙን ጠረጴዛ የሚያለብሰውን አረንጓዴ ጨርቅ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጥበቃው አልተባበረኝም፤ የጽዳት ሠራተኛዋም አላየችም፤ ሹራቤ ውስጥ ወሽቄ፣ ሆዷን እንደታመመች ሰው ጎንበስ ብዬ ይዤው የወጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። በዚህ ምክንያት ጠረጴዛው ሦስት ቀን ራቁቱን መዋሉና የዚያ ሳምንት ስብሰባ መሰረዙ ጸጸቴን አክብዶታል፤ ምንም እንኳ ከመምህራኑ መካከል በመሰረዙ ያዘነ አንድ ሰው ባላይም። ጨርቁን የመለስኩት ታጥቦና ተተኩሶ ነው። ታጥቦም አልለቅ ያለውን የብርጭቆ ምልክት እናቴ ስትተኩስ ቆጥራ ቆጥራ አሥራ ሰባት ላይ ሲሰለቻት «ይሄ ጨርቅ ከሰዎቹ የበለጠ ሻይ ጠጥቷል» ብላለች፤ አስተያየቷን ሳልጨምር ሳልቀንስ አቅርቤያለሁ።

ጨርቁ ያስፈለገን ለፊልም ነው፤ ክቡርነትዎ በሰልፍ ላይ «የልጆቻችን ቴክኖሎጂ» ብለው ደጋግመው ላወደሱት የአራት ደቂቃ ፊልም። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆመው ለሚያነቡና ነገሩን ለማያውቁ ላስረዳ፦ ሰውየውን አረንጓዴ ጨርቅ ፊት አቁመው ይቀርጹታል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ ያጠፋና በምትኩ የፈለጉትን ያስገባሉ፤ ባሕር ቢሉ ባሕር፣ ጨረቃ ቢሉ ጨረቃ። ኮምፒውተሩ ግን ጨርቅና ሹራብ አይለይም። የዩኒፎርማችን ሹራብ አረንጓዴ መሆኑ ትዝ ያለን የመጀመሪያውን ቀረጻ ከፍተን ስናይ ነው፤ ተዋናይዋ እኔ አንድ ጭንቅላትና ሁለት እጅ ብቻ ሆኜ አየር ላይ ተንሳፍፌያለሁ። በማግስቱ የወንድሜን ሰማያዊ ሹራብ ስለብስ ገላዬ ተመለሰልኝ።

ታሪኩ አጭር ነው። ቲቸር ጠመኔ የምንላቸው የኬሚስትሪ መምህራችን፣ የቤተ ሙከራው ኮርኒስ ከሁለት ዓመት በፊት በዝናብ ከወደቀ ወዲህ ሙከራውን ሁሉ የሚያስተምሩን ሰሌዳ ላይ እየሳሉ ነው። ብርጭቆውን በነጭ፣ ውኃውን በሰማያዊ፣ እሳቱን በቢጫ ጠመኔ ይስሉና ትንሽ ጠብቀው «አሁን ፈላ» ይሉናል፤ እኛም «ፈላ» ብለን ደብተራችን ላይ እንጽፋለን። በፊልማችን አንዲት ተማሪ ያንን የተሳለ እሳት በጣቷ ስትነካው ይነድዳል፤ ውኃው ይንተከተካል፤ ብርጭቆው ከሰሌዳው ወጥቶ እጇ ላይ ያርፋል፤ እሷም በጠመኔ በተሳለ ትልቅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ገብታ እንደ ልቧ ትሠራለች። በመጨረሻዎቹ አርባ ሰከንዶች ግን ደወል ይደወላል፤ ሁሉም ነገር ወደ ጠመኔ ይመለሳል፤ ልጅቷ ሰሌዳውን ታጠፋለች፤ ካሜራው ቀና ሲል የወደቀው ኮርኒስና በቀዳዳው የሚታየው ቆርቆሮ ይመጣል። እነዚያ አርባ ሰከንዶች ምንም ቅንብር የላቸውም። እንዳለ የተቀረጹ ናቸው።

ቅሬታና ምስጋናዬን፣ ክቡርነትዎ ሥርዓት እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማንም ሳይጋብዝዎት በፊልሙ መግቢያ ላይ መልእክት ለማስተላለፍ በራስዎ ጊዜ መጥተው ስላከበሩን እናመሰግናለን። አረንጓዴ ክራባትዎን ቢያወልቁልን ብለን በትሕትና ስንለምንዎት «እኔን ክራባት የሚመርጥልኝ ኮምፒውተር ገና አልተወለደም» ብለውናል፤ እውነትዎን ነው። ስለዚህም ስለ ትምህርት ጥራት ሲናገሩ ከአንገትዎ እስከ እምብርትዎ ያለው ቦታ ተከፍቶ፣ ከኋላ ያስገባነው የቤተ ሙከራው እርጥብ ግድግዳ በመሐልዎ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ቅንብሩን የሚሠራው ጓደኛችን፣ በኮምፒውተሩ ፍጥነት ምክንያት ቀንድ አውጣ የምንለው ልጅ፣ ደረትዎን ለመድፈን ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። አንድ ቀን እንኳ «እጅህን ይባርከው» አላሉትም።

ሁለተኛ፤ ፊልሙን አይተው ሲያበቁ ስለሰጡን የጥበብ ምክር እናመሰግናለን። «ሰው ፊልም አይቶ ደስ ብሎት ነው መውጣት ያለበት፤ ምነው ልጆቼ፣ እሳቱን ለምን ታጠፉታላችሁ? ተዉት ይንደድ» ብለው አርባውን ሰከንድ አስቆረጡን። ቀጥለውም እጅዎን ትከሻችን ላይ ጣል አድርገው «ሰው አየር ላይ ያንሳፈፋችሁ ልጆች አንድ ኮርኒስ ማልበስ ያቅታችኋል?» አሉን። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገርና፣ ልባችን አበጠ። ትልቅ ሰው «ታውቃላችሁ» ሲለን ለምን ብለን አልጠየቅንም። ሄደን የአክስቴን ሳሎን ኮርኒስ ፎቶ አነሳን፤ የካሜራው ምስል ስለሚንቀሳቀስ በየሰከንዱ ሃያ አምስት ሥዕል፣ በቀረው ፊልም ኮርኒሱ ለሚታይበት ሃምሳ ሰከንድ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ሥዕል፣ ቀንድ አውጣ አንድ በአንድ ጠጋገነው። ዘጠኝ ቀን። የኮምፒውተሩን ክዳን ከፍተን በቬንትሌተር እያቀዘቀዝን፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ እናቱ «ማን ነው የሚያስለቅስብኝ» ብላ እስክትጣላን ድረስ። ሲያልቅ የእውነት ያምር ነበር። ያ ነው የሚቆጨኝ።

አክስቴ ኮርኒሷ የትምህርት ቤት ንብረት መሆኑን ስትሰማ «ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ሸረሪት ድሩን እጠርግ ነበር» ብላለች። በፊልሙ ሦስተኛ ደቂቃ ላይ፣ በስተግራ ጥግ፣ ድሩ በግልጽ ይታያል። የፈለገ ሰው የአክስቴን ሳሎን መጥቶ ማመሳከር ይችላል፤ ጫማ ግን በር ላይ ይወልቃል።

ሦስተኛ፤ የትኛው ትምህርት ቤት አዲስ ቤተ ሙከራ እንደሚያስፈልገው ሊያዩ የመጡትን እንግዶች ስላስተናገዱበት ጨዋነት። እርስዎ በዓመቱ ሪፖርት «ሁሉም ክፍሎች ለመማር ማስተማር ዝግጁ ናቸው» ብለው ጽፈው ስለነበር፣ እንግዶቹ «እስቲ በዓይናችን እንየው» ሲሉ «ቁልፉን የያዘው ሰው የለም» አሏቸው። ይህን ሲሉ ቁልፉ ከሌሎቹ ጋር በጣትዎ ላይ ይሽከረከር ነበር፤ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ በሩ ሥር ቆሜ ስለነበር ድምፁን ሁሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ በክፍሉ ፋንታ ፊልማችንን አሳዩአቸው። ልጆቹ የሠሩት ተረት ነው አላሉም፤ «ልጆቻችን ቤተ ሙከራችን ውስጥ የቀረጹት ነው» አሉ። መነጽር ያደረጉት ሴትዮ ማስታወሻቸው ላይ እየጻፉ «ኮርኒሱማ ከእኛ ቢሮ ይበልጣል» ሲሉ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ክቡር ሆይ። አፍ ነበረኝ፤ አልከፈትኩትም። እርስዎን ስወቅስ ይህንን ብደብቅ ውሸታም እሆናለሁ፤ በትምህርት ቤታችን ደግሞ ያ ቦታ ተይዟል።

አራተኛ፤ ዋናው ይኸው ነው። ትምህርት ቤታችን አዲስ ቤተ ሙከራ ከሚሠራላቸው ዝርዝር ተሰርዟል። በዚህም አላበቃም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ «ኮርኒሱ ወድቋል፣ ዕቃው ተሰብሯል» እያሉ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩት ቲቸር ጠመኔ፣ የሌለ ጉዳት እንዳለ አስመስለው አመልክተዋል ተብለው እስከ ዓርብ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ፣ ካልሰጡ ከሥራቸው እንደሚታገዱ የሚገልጽ ደብዳቤ በእርስዎ ፊርማ ደርሷቸዋል። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው ማስረጃ የእኛ ፊልም ነው።

ያን ዕለት ክፍል ሲገቡ ጠመኔውን ይዘው ሰሌዳው ፊት ቆሙና ምንም ሳይስሉ ቀሩ። ቀንድ አውጣ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ምነው?» ሲላቸው ዘወር ብለው፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ «እናንተ ልጆች ጎበዞች ናችሁ። እኔ ራሴ ፊልሙን ካየሁ በኋላ፣ ሳልሰማ አሠርተውት ይሆናል ብዬ ሄጄ በመስኮት አየሁት» አሉ። ቢሰድቡን በተሻለን ነበር። ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰው የገዛ ዓይናቸውን እንዲጠራጠሩ ያደረግናቸው እኛና እርስዎ ነን፤ እኛ በኮምፒውተር፣ እርስዎ በማኅተም።

አምስተኛ አለኝ ብዬ ነበር፤ ከአራተኛው በኋላ ግን ስለ መጸዳጃ ቤቱ በር መጻፍ አስጠላኝ።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምጠይቅዎት እጅግ ትንሽ ነገር ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ዓርብ ከመድረሱ በፊት፣ «በፊልሙ የሚታየው ኮርኒስ የለም፤ መምህሩ የጻፉት እውነት ነው» የሚል አንድ መስመር ጽፈው ይፈርሙ። ሰዋሰው ቢያስቸግርዎት የአማርኛ መምህርታችን ያርሙልዎታል። አይ ካሉ ደግሞ፣ የቲቸር ጠመኔን መልስ እኛ የክፍሉ ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች አብረን እንፈርማለን፤ ፊልሙን የሠራነው እኛ ነን፣ የዋሸነውም እኛ ነን፣ ቅጣት ካለ በእኛ ይጀመር ብለን።

ትዕግሥትዎ ሳይጎድል፣ ክራባትዎ ሳይዛነፍ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ ረጅም ዘመን እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበት፤

የፊልሙ ተዋናይ፣ አዘጋጅ፣ የጨርቅ ሌባና፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ያለ ገላ የተማርኩ ተማሪዎ።

ግልባጭ፤
ለቲቸር ጠመኔ፣ ከይቅርታ ጋር
ለአክስቴ

ማሳሰቢያ፦ ሙሉው ፊልም፣ አርባው ሰከንድ ተመልሶበት፣ ዛሬ ጠዋት መነጽር ላደረጉት ሴትዮ በእጃቸው ደርሷል። ያዩ ጊዜ እንዳይደነግጡ አንድ ማስተካከያ አድርገናል፤ በመጨረሻ ከሚወጡት ስሞች መካከል «የክብር እንግዳ» ከሚለው ሥር አንሥተን «የእይታ ቅንብር ዋና ኃላፊ» በሚለው ሥር አስፍረንዎታል፤ ቀንድ አውጣም ቦታውን ያለ ቅሬታ ለቅቋል። ደግሞም ይህን ወረቀት ቢቀድዱት

ይቅርታ፣ ይህችን የመጨረሻ መስመር ሰሌዳው ላይ ከለጠፍኩት በኋላ በእርሳስ እየጨመርኩ ሳለ ነው ከኮሪደሩ ጫፍ ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ አሟልተው የጠሩት። አምስት ዓመት «አንቺ ልጅ» ሲሉኝ ስለኖሩ የሚያውቁት አልመሰለኝም ነበር። አቤት ጋሼ፣ መጣሁ።