ከመቶ ዜሮ ስላመጣው የጥገና መስኮታችን

ለክቡር የፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሦስተኛ ፎቅ

በቅድሚያ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ትንሽ ከማጉረምረሙ በቀር የምከስሰው ሕመም የለኝም። የእርስዎንም ጤንነት ዘወትር ጠዋት በጸሎቴ አስባለሁ። በተለይ ጉልበትዎን አስባለሁ፤ ምክንያቱም በኃላፊነት በቆዩባቸው ስድስት ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ወደ ምድር ቤት ሲወርዱ ስላላየሁ፣ ደረጃው ሳይከብድዎት አይቀርም ብዬ እሰጋለሁ።

እኔ በምድር ቤቱ የጥገና ክፍል፣ ወደ መንገድ በሚያየው መስኮት ጀርባ ተቀምጬ፣ ፋብሪካችን ሠርቶ የሸጣቸው ካውያዎች፣ ምድጃዎችና የውኃ ማፍያዎች ሲበላሹ የምጠግን ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ በዚህ ደብዳቤ የሚያገኙትን የአጻጻፍ ጉድለት እንዲያልፉልኝ እለምናለሁ። ደብዳቤውን በምሳ ቤቱ በር አጠገብ በሚገኘው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትም ክቡርነትዎን ለማሳጣት አስቤ ሳይሆን፣ የአስተያየት መስጫ ሣጥኑ ቁልፍ ከጠፋ ሦስት ዓመት ስላለፈውና ውስጡ ያሉት አስተያየቶች ገና ወረፋቸውን እየጠበቁ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ሳምንት በትልቁ አዳራሽ ሰብስበው፣ በሰው ሰራሽ አስተውሎት የተዘጋጀውን የአምስት ዓመት ስትራቴጂያዊ ዕቅድ ስላስተዋወቁን ምስጋናዬ ከልብ ነው። የቀድሞውን ዕቅድ ለማውጣት አንድ ኮሚቴ ዘጠኝ ወር ሙሉ እንደተሰበሰበና እኛም ዘጠኝ ወር ሙሉ እንደተረሳን አስታውሳለሁ። የአሁኑ ግን በሦስት ደቂቃ እንዳለቀ በኩራት ነግረውናል፤ የመረሻ ጊዜያችን እንዲህ በማጠሩ ደስ ብሎኛል። በዚሁ ዕቅድ ገጽ 22 ላይ የጥገና ክፍሉ በዚህ ወር መጨረሻ ተዘግቶ፣ ቦታው ለስላሳ ወንበሮች ያሉት «የደንበኞች ልምድ ማዕከል» እንደሚሆን፣ እኔና ባልደረባዬም ወደ ማሸጊያ ክፍል እንደምንዛወር አነበብኩ። የቀሩን አሥራ ሁለት ቀናት ብቻ በመሆናቸው፣ ጊዜዎን ላለማባከን ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ዕቅዱ ክፍላችን ካስተናገዳቸው ዕቃዎች ውስጥ የጠገነው ከመቶ ዜሮ መሆኑን ይገልጻል። እኔ ተማሪ ሳለሁ በሒሳብ ደካማ ብሆንም ዜሮ አግኝቼ አላውቅም ነበርና ጥቂት ከነከነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት ከዕቅድ ክፍል አንድ ትሑት ባለሙያ መጥቶ፣ በመስኮታችን ፊት የተሰለፉትን ሰዎች «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ አልፎ ገባና፣ የጥገና መዝገባችንን ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ አመስግኖን፣ ያንኑ ሰልፍ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ አቋርጦ ወጣ። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀንም፤ ሥራ አስፈታን እንዳንለው ይሆናል።

እንግዲህ በክፍላችን የቆየ ልማድ አለ። አንድ ካውያ መጥቶ ገመዱ ከተቀጠለ ወይም የላላው ብሎን ከጠበቀ፣ ባለቤቱ እዚያው እንደቆመ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ መዝገብ ላይ አይጻፍም። መዝገብ ላይ የሚጻፈው ያሸነፈን ዕቃ ብቻ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ የቀድሞ አለቃዬ፣ የምርት ክፍል ሰዎች በየወሩ መጥተው የቱ ዕቃ ለምን እንደሚበላሽ አይተው እንዲማሩበት ብለው ነበር ያንን የደነገጉት። እውነትም ይማሩበት ነበር፤ የአሁኖቹ ካውያዎች ገመድ አንገቱ ላይ ቶሎ የማይበጠሰው ከዚያ መዝገብ የተነሣ ነው። ስለዚህ በአራት ዓመት ውስጥ 412 ዕቃዎች ተመዝግበዋል፤ በእያንዳንዳቸውም ትይዩ፣ በእኔው የእጅ ጽሑፍ፣ «አቃተን» የሚል ቃል ሰፍሯል። ማሽኑም ይህን አንብቦ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው 412 ጊዜ እንዳቃታቸው በጽሑፍ አምነዋል ሲል ደመደመ። ማሽኑን አልወቅሰውም፤ የሰጡትን አነበበ። እኔም በእርሱ ቦታ ሆኜ ያንን መዝገብ ብቻ ባየሁ ኖሮ፣ ክፍሉን መዝጋት ብቻ ሳይሆን በሩን በጡብ አስደፍነው ነበር።

2ኛ. ዕቅዱ 412ን ለአራት ዓመታት ሳምንታት አካፍሎ፣ ክፍላችን በሳምንት የሚያስተናግደው ሁለት ደንበኛ ብቻ በመሆኑ የአገልግሎቱ ተፈላጊነት አነስተኛ ነው ይላል። አጠገቤ የምትሠራው፣ የያዘችውን ስለማትለቅ ፒንሳ እያልን የምንጠራት ባልደረባዬ፣ ይህን በአዳራሹ ስትሰማ «በሳምንት ሁለት ሰው ከሆነማ፣ እኔ እግሬ እንዲህ የሚያብጠው ከማን ጋር ስጨፍር ውዬ ነው?» ብላ ጮክ ብላ በመጠየቋ፣ በስብሰባው ላይ ስለተፈጠረው ሳቅ በእርሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። በማግሥቱ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ቆጥራ ሠላሳ ስምንት ሰው አግኝታለች። ቆጠራውን እንድትደግመው ብለምናትም «አሁን ደግሞ ማሽን አደረግኸኝ?» ብላ ተቆጥታኛለች።

3ኛ. በእኛ ምትክ በስልክ ጥያቄ የሚመልስ ፕሮግራም ለሙከራ ሥራ መጀመሩ ትልቅ እመርታ ነው። በአንድ ሆቴል ልብስ የምትተኩስ አንዲት እናት ሰኞ ዕለት ካውያዋን በፌስታል ይዛ መጣችና፣ ፕሮግራሙ የዕቃውን መለያ ቁጥር እየደጋገመ እንደጠየቃት ነገረችኝ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደማያውቁት፣ ያ ቁጥር በካውያችን ላይ የታተመው ልብስ በሚነካው ጎን ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ዕቃው ሥራ ላይ በዋለ በዓመቱ ይጠፋል፤ ቁጥሩ በግልጽ የሚነበብ ካውያ ቢኖር ተገዝቶ ያልተተኮሰበት ነው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የማውቀው እንደማይሞቅ ብቻ ነው፤ እሱ ግን ይሄ አይበቃኝም አለ» አለችኝ። ከዚያም ፕሮግራሙ ስለ ትዕግሥቷ አመስግኖ፣ ቁጥሩን ስታገኝ መልሳ እንድትደውል መክሯት ዘጋ። ካውያው ውስጡ አንድ ሽቦ ከቦታው ወጥቶ ነበር። ሴትዮዋ የሆቴሏን አዲስ ኃላፊ እያማችልኝ፣ እኔም እያዳመጥኩ፣ ወሬው ሳያልቅ ካውያው ሞቀ። ወሬዋን ለመጨረስ ግን ትንሽ ቆየች፤ ይህም የደንበኞች ልምድ ይሁን አይሁን ለክቡርነትዎ እተወዋለሁ።

4ኛ. በገጽ 41 የማቀዝቀዣ ምርታችን በአካባቢው ገበያ ቀዳሚውን ስፍራ መያዙ ተጠቅሷል። ማቀዝቀዣ ሠርተን ስለማናውቅ ይህ ስኬት ሳይነገረን መቆየቱ ቅር ቢለኝም፣ እንኳን ደስ አለዎት።

አምስተኛውን ቅሬታ ሳልቆጥረው ልለፈው አስቤ ነበር፤ ምክንያቱም የተከሳሹን ስም ስጽፍ ብዕሬ ወደ ራሴ ዞረብኝ።

የምርት ክፍል ሰዎች መዝገቡን ለማየት መምጣታቸውን ከተዉ ሰባት ዓመት ሆኗል። ያን ጊዜ ልማዱን መቀየርና የተጠገነውንም መጻፍ እችል ነበር። ያልጻፍኩት ግን የሠራሁትን መልካም ነገር እየቆጠሩ ማስቀመጥ በፈጣሪ ፊት ጉራ መስሎ ስለሚታየኝ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ጉዳይ አንድ ቀን ስነግራት ሽንኩርቷን እየላጠች «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ትሕትናህ ኩራት ኩራት ይሸታል» አለችኝ። ያን ዕለት ተቀየምኳት። ቃሏ የገባኝ እርሷ ከሄደች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በአዳራሽዎ ግድግዳ ላይ ያንን ትልቅ ዜሮ ያየሁ ዕለት ነው። ለካ የማልጽፈው፣ ሰው ራሱ መጥቶ እንዲያይልኝ እየጠበቅሁ ኖሯል። እርስዎ አልወረዱም ብዬ ስወቅስዎት፣ እኔም በስድስት ዓመት ውስጥ መዝገቤን ይዤ አንድ ቀን አልወጣሁም።

ሌላም የምናዘዘው አለ። ክፍሉ እንዳይዘጋ የምሟገተው ለደንበኞች ብዬ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ቤቴ ስገባ የሚያናግረኝ ሰው የለም፤ በመስኮቱ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ስለ ካውያው፣ ከዚያም ስለ አማቱ፣ ከዚያም ስለ ልጁ ፈተና ያወራኛል። ለጡረታ ስምንት ወር ብቻ ቀርቶኛልና ማሸጊያ ክፍል ብሄድ ራቤ የወሬ እንጂ የእንጀራ አይሆንም። የእኔ ነገር በዚህ ይብቃ። ፒንሳ ግን ገና ረጅም የሥራ ዕድሜ አላት፤ አሥራ አንድ ዓመት የለመደ እጇ ካርቶን ሲያሽግ ሊውል ነው። የዕቃውም ባለቤት ገመድ በተነቀለ ቁጥር አዲስ ለመግዛት ወይም ቁጥር ፍለጋ ለመንከራተት ይገደዳል።

ስለዚህ ጥፋቴን ለማረም ከሰኞ ጀምሮ የጠገንነውን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። በአራት ዓመት ያላለቀው መዝገብ በሦስት ቀን አለቀ። አዲስ መዝገብ ለመጠየቅ ንብረት ክፍል ብሄድ፣ ኃላፊው መነጽሩን ከፍ አድርጎ ዕቅዱን ካየ በኋላ «ለሚዘጋ ክፍል መዝገብ አይወጣም፣ ወንድሜ» ብሎ በሚገባ አስተናግዶኛል። እኛም በካርቶን ጀርባ ላይ መጻፍ ቀጠልን፤ የሞላውንም ካርቶን በየቀኑ ለጸሐፊዎ እያስረከብን ነው። እርሷም ካርቶኖቹን በየትኛው ፋይል እንደምታስገባቸው ብትቸገርም፣ በደግነት ከኮት መስቀያው ሥር ደርድራልናለች። በሦስት ፎቅ ደረጃ ካርቶን ተሸክሞ መውጣት ለጉልበቴ ጥሩ ባይሆንም ለትዕቢቴ መልካም ሆኖልኛል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዕቅዱን ይቅደዱት አልልም፤ ማሽኑንም ያባሩት አልልም፤ እንዲያውም ካርቶኖቹን ቢያነብላቸው ደስ ይለኛል። የምጠይቀው ወሩ ከማለቁ በፊት አንድ ጠዋት ብቻ ወርደው ከመስኮቱ ጀርባ አብረውን እንዲቀመጡ ነው። ወንበር እናዘጋጃለን፤ ለስላሳ ግን አይደለም። ካዩ በኋላ ክፍሉ ይዘጋ ካሉ፣ የመስኮቱን መዝጊያ እኔው በእጄ አወርደዋለሁ፤ ስለ ውሳኔዎም ሌላ ደብዳቤ አልለጥፍም።

ከነስልታዊ ዕቅድዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎት፣ የዕቅዱንም ስድሳ አራት ገጾች አንብበው ለመጨረስ ብርታቱን እንዲያድልዎት፣ በማቀዝቀዣውም ዘርፍ ከዚህ የበለጠ ድል እንዲያጎናጽፍዎት ፈጣሪን እየለመንኩ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በገጽ 22 «ሁለት ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው ሠራተኞች» ከተባሉት አንደኛው
(ሁለተኛዋም ሰላም ብላዎታለች፤ ከአፏ የወጣው ሰላምታ ግን እዚህ የተጻፈው ትንሽ ለስልሶ ነው።)

ይድረስ ከተባለ በኋላ የታወሰኝ፦ እሑድ ዕለት መምህርት የሆነችው ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ ስታወጋኝ፣ ያ ዕቅድዎን ያወጣው ሰው ሰራሽ አስተውሎት በእርሷም ስልክ ውስጥ እንዳለ ነገረችኝ። እኔም አንድ ፋብሪካ በመዝገቡ ላይ ተመሥርቶ የጥገና ክፍሉን ሊዘጋ መሆኑን ጻፊለትና ምን ይላል አልኳት። ምክሩን ከመዘርዘሩ በፊት «የወሰነው ሰው ክፍሉን በአካል ሄዶ አይቶታል? መዝገቡ ላይ ምን እንደማይጻፍስ ሠራተኞቹን ጠይቋል?» ሲል ጠየቀ። ልጄ ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ መልሴን ስትጠብቅ፣ ክቡርነትዎን በባዕድ ፊት ማሳጣት ስላልፈለግሁ፣ አለቃዬን ጠይቄ እመለሳለሁ በይው አልኳት።