«ጨው ነው» ስለተባለው መርዝ

ለክቡር ሎክ ኑዎን ቪሬክ፣ የክፍለ ሀገሩ የውኃ ጥራት ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በተለይ ስለ ጉበትዎና ስለ ኩላሊትዎ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ በእኛ በፕሬክ ታሞም መንደር ሰው የሚያልቀው በእነዚሁ ሁለቱ ነውና። እኔ በቤተ ሙከራዎ ውኃ ስመረምር ኖሬ ባለፈው ሰኞ የታገድኩት ኬዎ ታቭሪ ነኝ።

አንደኛ፤ ጥፋቴን ልመን። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት አሮጊቷ ጎረቤቴ ዬይ ሳሩን የጉድጓዳቸውን ውኃ ጨዋማ የዓሣ መረቅ በነበረበት ጠርሙስ ይዘውልኝ መጡ፤ እኔም እንዳለ መርምሬ መርዝ አለበት አልኩ። አተሞችን በክብደታቸው የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትራችን ደግሞ በጨው ይታለላል፤ የጨው ክሎሪን ከመሣሪያው የአርጎን ጋዝ ጋር ሲጣበቅ ክብደቱ ከአርሰኒክ እኩል ይሆንና መርዝ ተብሎ ይቆጠራል። ይህን እንደደረስኩበት ውጤቱን ራሴ ሰርዤ ለክቡርነትዎ በአንድ ገጽ አሳወቅሁ።

ሁለተኛ፤ በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ካቀረብኩት ሁሉ ያችን አንዲት ገጽ ስላነበቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «እንግዲያው ሁሉም ጨው ነው» ብለው ቀደም ሲል መርዝ ስለተገኘባቸው ቀይ የተቀቡትን የአርባ አንዱንም የመንደራችንን ጉድጓዶች ምልክት አረንጓዴ አስቀቡልን።

ሦስተኛ፤ የአርባ አንዱንም ውኃ በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቼ፣ በመሣሪያው ውስጥ በሂሊየም ጋዝ አሳልፌ ምርመራውን ደገምኩት። በሂሊየሙ ውስጥ አስመሳዩ ጥንድ ገዝፎ እየተጋጨ ይቀራል፤ ነጠላው አርሰኒክ ግን ሾልኮ ያልፋል። አለፈ። የዬይ ሳሩንን ጨምሮ ሠላሳ ስምንቱ ጉድጓድ መርዝ ነው። ውጤቱን ባስገባሁ ማግስት የሂሊየሙ ሲሊንደር «ለጥገና» ተወሰደ፤ ሲሊንደር ምኑ እንደሚጠገን ባላውቅም ትጋትዎን አደንቃለሁ።

ለቀረው ነገር «አራተኛ» ብዬ ቁጥር አልሰጥም፤ ፈርቻለሁ። ጎረቤቶቼ «ጨው ከሆነማ እሰየው፣ ለሾርባው ጨው መግዛት ቀረልን!» እያሉ ይስቁብኛል፤ የሚስቁበትን አፍ የሚሸፍኑበት መዳፍ ግን ጠጥሮ ጥቁር ነጥብ አውጥቷል። ይህ መርዝ አይቸኩልም፣ ዓመታት ይታገሣል፤ ሥራውን ሲጨርስ እርስዎ በክብር ጡረታ ወጥተው ይሆናል።

ቀዩን ቀለም እንዲመልሱልን መሬት ስሜ እየለመንኩ፣ ለአረንጓዴው ውበትም አድናቆቴን ሳልነፍግ፣

የክቡርነትዎ ትሑት አገልጋይ
ኬዎ ታቭሪ

ማስታወሻ፤ ቀለሙ በተመረቀ ዕለት ከዬይ ሳሩን ጉድጓድ የተቀዳልዎትን ብርጭቆ ለፎቶ ከፍ አድርገው፣ ሳይቀምሱ መልሰውታል። ባከነ ብለው እንዳይጨነቁ። «ለትልቅ ሰው የቀረበ ውኃ አይደፋም፤ ነውር ነው» ብለው ዬይ ሳሩን ራሳቸው ጨለጡት።