ንግሥትሽን እያት

አባዬ፣ ነፍስህ በደህና ቦታ ትረፍ። ሙት ዓመትህን ካወጣን ወዲህ ደግሞ አንድ ክረምት ገብቶ ወጣ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። ወሬ ሳልይዝ አንተ ዘንድ በባዶ አፍ መምጣት አይሆንልኝም። ዛሬ ግን ወሬ አለኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። የፊቱን ክፍል ከፈረስ ቤት ከተማ ተዛውራ ለመጣች መምህርት አከራይታታለች። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። የበረንዳውን ጠረጴዛህን ግን ማንም አይነካውም። ቼዝህን «የሥራ ፈት ዕቃ» ስትል የኖረችው እማዬ፣ አሁን ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ትወለውላለች፤ በጠፋው ጥቁር ፈረስ ቦታ ያቆምካትን ቆርኪ እንኳ አታልፋትም።

ጓደኛህ አያ ሙላትም ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡሬ መምጣታቸውን አልተዉም። አሁን የሚጫወቱት ከእኔ ጋር ነው። ሲሸነፉ ዛሬም በሚኒባሱ መንገጫገጭ ያሳብባሉ።

የቤታችንን ሕግ መቼም አትረሳውም። የሰው ንግሥት ያስፈራራ ሰው «ንግሥትሽን እያት» ብሎ መናገር አለበት፤ ሳይናገር የበላ ሌባ ነው። ጎረቤት አባቷን አንተ ትላለች ብሎ ሲያማኝ፣ ሰሌዳ ፊት አንቱታ የለም ብለህ ትስቅ ነበር። በዚህ ሕግ ግን ቀልድ አታውቅም። አንድ ቀን ሳልነግርህ ንግሥትህን ብበላት፣ ሰሌዳውን አጥፈህ ገባህና እስከ እራት አኮረፍከኝ። ያን የሚያህል ሰውዬ!

ሞት ግን ሕጋችንን አያውቅም። ወደ ትምህርት ቤት እንደወጣህ ሳይናገር በላህ። እስካሁን ቂም ይዤበታለሁ።

የቼዝ ተጫዋች መሆን እፈልጋለሁ ባልኩህ ቁጥር መልስህ አንድ ነበር። ጨዋታ እንጀራ ሲሆን ጨዋታነቱ ይቀራል፤ ቼዝ ለቅዳሜ፣ ሥራ ለሰኞ። እሺ ብዬህ እንዳንተው የሒሳብ አስተማሪ ሆንኩ። የልቤን ግን ታውቀው ነበር።

ታዲያ በቀደም ባሕር ዳር ያለ አንድ ክለብ ተጫዋች ሊቀጥር ነው ሲባል ሰማሁ። እማዬን አስፈቅጄ ለፈተናው ሄድኩ። ሲቀናኝ ውሎ የመጨረሻው ጨዋታ ከአንድ ሽበታም ሰው ጋር ደረሰኝ። አቀማመጣቸው ሁሉ አያ ሙላትን ነው። ፈረሴን አንሥቼ ንግሥታቸው ላይ አነጣጠርኩ። አላዩኝም፤ እጃቸው ወደ ሌላ ጠጠር ሄደ። ዝም ብል አልቆላቸው ነበር። አፌ ግን አልጠበቀኝም፤ «ኧረ ንግሥትዎን ይዩ!» አልኳቸው። ዳኛው ተቆጣኝ። ሰውዬው ንግሥታቸውን አሸሹ፣ ኋላም አሸነፉኝ። እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ በነጠላዬ ተሸፍኜ እያለቀስኩ አንተን ስወቅስህ መጣሁ።

ትናንት ክለቡ ደወለ። አጨዋወቴን ወደውታል። ሰኞ እንድጀምር፣ ያንን ልማዴን ግን ቤቴ ትቼው እንድመጣ ነገሩኝ። እማዬ ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደችው። አያ ሙላት ደግሞ፣ በሬውን ለገበያ ያወጣ ሰው የበሬውን ነውር ይናገራል ወይ ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ማንጎው አዞሩ።

እሄዳለሁ አባዬ። እውነትህን ነው፣ የሚቀር ነገር አለ፤ እያወቅኩ ነው የምሄደው። ቼዝን እንዲህ እንድወደው ያደረግኸኝ አንተ ነህና አትቆጣኝ። ቅዳሜ ስመጣ በበረንዳው ላይ ሕጉ እንዳለ ነው። በሌላው ቀን አፌን እዘጋለሁ። የሰው ንግሥት ባስፈራራሁ ቁጥር ግን ከመብላቴ በፊት በልቤ «ንግሥትህን እያት» እላለሁ። እሱ አይሰማኝም፤ እኔ ግን የምሰማው ያንተን ድምፅ ነው። በዚህ ሥራ እስካለሁ ድረስ ሳልሰማህ የምውልበት ቀን የለም።

ልጅህ ትብለጥ