ጆሮ ጠቢው የነገረኝ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

አልጋ ላይም ሁን ደጃፍ ላይ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? እንቅልፍህስ? ምግብ ይበላልሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። ይህን ለወጉ ያህል አልጠየቅሁህም፤ ዛሬ የጻፍኩልህ ለዚሁ ለጤናህ ጉዳይ ነው።

ሥራዬ ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ግሪን ሃውሱ ውስጥ ከቲማቲም ጋር እውላለሁ። በየመደቡ እርሳስ የሚያህል መሣሪያ ተሰክቷል፤ የአፈሩን እርጥበትና ሙቀት እየለካ ወደ ስልካችን ይልካል። ባለፈው ስመጣ ጓሮህ ውስጥ ከቲማቲምህ ሥር የተከልኩት የዚሁ ወንድም ነው። «ጆሮ ጠቢ ተክለሽብኝ ልትሄጂ ነው» ብለህ ያሳቅኸን ትዝ ይለኛል። አንተ ቀልድህን ነበር፤ እሱ ግን የምሩን ጆሮ ጠቢ ሆኖ አረፈው።

አባዬ፣ እኔ ያንተን እጅ አውቀዋለሁ። ጎህ ሲቀድ በጣሳ እየቀዳህ ለእያንዳንዱ ሥር ጠብ ጠብ ስታደርግለት፣ ስልኬ ላይ እርጥበቱን የሚያሳየው መስመር ቀስ እያለ ዳገት ይወጣል። እኔም ሥራ ከመግባቴ በፊት እሱን አይና አባዬ ተነሥቷል ብዬ ቀኔን እጀምራለሁ። ሰሞኑን ግን መስመሩ ማለዳ ተኝቶ ይቆይና በቀትር በአንዴ ሽቅብ ይዘላል። በጠራራ ፀሐይ ባልዲ ሙሉ ውሃ መድፋት ያንተ ሥራ አይደለም። እማዬ አንድ ጊዜ እንዲያ ብታደርግ ቀኑን ሙሉ አኩርፈሃት የለም እንዴ?

ስደውል እማዬ ጉንፋን ይዞት ነው ትላለች፤ እህቴ ደግሞ አሁን ወጣ አለ ትለኛለች። ስልኩ ከእጅ እጅ ይዞርና አንተ ዘንድ ሊደርስ ሲል ይቋረጣል። ሰው አገር ያለ ሰው ክፉ አይሰማ ተብሎ እንደሚደበቅ መቼም አላጣሁትም፤ የአክስቴን ሞት የሰማሁት ከተቀበረች ከወራት በኋላ ነው። ፈርቻለሁ፣ አባዬ። ይህን ስጽፍ እንኳ የሚደርሰው ለአንተ ይሁን አይሁን አላውቅም። እህቴ፣ የምታነቢለት አንቺ ከሆንሽ ይህችን አልፈሽ እንዳትሄጂ።

ብትታመምም ለምን ደበቃችሁኝ ብዬ አልጣላችሁም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። አንድ ቀን ማለዳ ደግፈው ያውጡህና አንዲት ጣሳ ውሃ በእጅህ አጠጣልኝ። እጅህ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም፤ አውቀዋለሁ። ይህም ካልሆነልህ ውሃ እየደፋችሁ አታባብሉኝ፤ መሣሪያውን ነቅላችሁ አስቀምጡት። መስመሩ የጠፋ ዕለት ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ።

እማዬን ሳምልኝ፤ የቲማቲሙ ሥር እንዳይበሰብስ ውሃውን ቀነስ ታድርግለት። እህቴን ውሸት እንደማያምርባት ንገርልኝና ደግሞ እቀፍልኝ። ሹፌሩን የእህቴን ባልም ሰላም በልልኝ፤ በዚያች ማለዳ ክንዱን ያውስህ። እኔ በየጠዋቱ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላጠልቅ፣ ስልኬን ከፍቼ እጠብቅሃለሁ።

ልጅህ
ከግሪን ሃውሱ ደጃፍ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን