ዚንኩን ቀለም ላስቀቡልን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የጀልባ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን እያልሁ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ባሕሩን አቋርጣ ወደ ማዶው ጤና ጣቢያ ሰው የምታሻግረዋ ብቸኛ ጀልባ ነጂ ነኝ። በአደባባይ መጻፌ፣ ለቢሮዎ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች "ይታያል" ከተባሉ ወዲህ የሚያያቸው ዐይን ስላጡ ነው።

፩ኛ፦ ከሞተሩ ኃይል ተቀብሎ ውሃ ውስጥ ጀልባዋን የሚገፋውን፣ እኛ ነጂዎች "እግር" የምንለውን ዕቃ ሲገዙ፣ ጨው የሚችለው እንዲመረጥ ለምኜ ነበር። የግዢ ኮሚቴዎ ግን ለወንዝና ለሐይቅ የተሠራውን መረጠ፤ ቀለሙ ከቢሮው በር ጋር ይሄዳል ተብሎ። ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ አሁን የቀረው ባሕሩ ጨዉን እንዲተው በደብዳቤ መጠየቅ ብቻ ነው።

፪ኛ፦ እግሩ ላይ የሚታሰሩት የዚንክ ቁራጮች ሥራቸው መበላት ነው፤ ጨው ውሃው እነርሱን ሲበላ እግሩን ይተወዋል፣ ሲያልቁም በአዲስ ይተካሉ። እርስዎ ግን እንግዶች ሊጎበኙን በመጡ ዋዜማ "ይህ የተበላሸ ነገር ያሳፍረናል" ብለው ዚንኩን ሁለት እጅ ሰማያዊ ቀለም አስቀቡት። ቀለም የለበሰ ዚንክ አይበላምና ውሃው ፊቱን ወደ እግሩ አዞረ። ዛሬ ዚንኩ እንደ ሙሽራ ያምራል፤ እግሩ ግን ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ውሃው በዚያ ዘልቆ የተቀላቀለበት የማርሹ ዘይት ወተት መስሏል።

፫ኛ፦ ከየጉዞው በኋላ እግሩን ከጨው የማጥብበት የንጹሕ ውሃ ጎማ ለቢሮው አበቦች ተዛውሯል። አበቦቹ ደኅና ናቸው።

ክቡር ሆይ፣ ልጄ የበኩር ልጇን ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል፤ አዋላጅ ያለችው ማዶ ብቻ ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ። ኮሚቴው ግን ምትክ ብሎ ያንኑ ዓይነት እግር ሊያዝዝ መሆኑን ሰማሁ። እባክዎ ጨው የሚችለውን ያስገዙልን፤ ዚንኩንም ራቁቱን ይተዉልን።

የፊርማዎ ቀለም እንዳይደርቅ ዘወትር የሚመኝልዎ፣
ትሑት ታዛዥዎ የጀልባ ነጂ

ማስታወሻ፦ የፊታችን ሐሙስ ኮሚቴው በሙሉ ከእርስዎ ጋር በዚህችው ጀልባ ማዶ እንዲሻገር ያዘዙበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ትእዛዝዎ ይከበራል። ስድስት መቅዘፊያ አዘጋጅቻለሁ፤ ለክብርዎ ሲባል ረጅሙ የእርስዎ ነው።