ዝናብ የሚያውቀው ራሴ

መጋቢት 12፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ጭንቅላቴ በሻሽ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። ሁለት አስፕሪን ውጫለሁ። ግን ሸንኮራ እርሻው ቢሮ ነኝ፤ አልቀረሁም። ደብተሬ፣ መስክርልኝ!

የክፍል ኃላፊዬ ጓድ በላቸው ዛሬም በሰው ፊት አዋረደኝ። ከጥር ወዲህ ስምንት ቀን ቀርቻለሁ፤ ስምንቱም በራስ ምታት። የክሊኒኩ ድሬሰር ምንም የለባትም ብሎ ጽፏል። ዓርብ ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ይወሰንብኛል። ክሱ፦ ታመምኩ እያሉ ከሥራ መቅረት። አሻጥር የምትለዋንም ቃል ጣል አድርጓታል። መባረር ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ይቺ ቃል ግን ታስፈራለች።

እማዬ ምች ነው ብላ ዳማከሴ እየጨመቀች ታሸተኛለች። እኔ ግን አየሩ ሲለወጥ ነው የሚነሳብኝ። ሲታፈን፣ ሲከብድ። ማን ያምነኛል?

መጋቢት 14፣ ረቡዕ፣ 9 ሰዓት

አገኘሁት!

ኦቦ ቶሎሳ ጋ ሄድኩ። በእርሻው ዳር፣ በሽቦ አጥር ውስጥ የቆመውን የዝናብ መለኪያ የሚያነቡት ሽማግሌ ናቸው። መዝገቡን ያሳዩኝ ብዬ ለመንኳቸው። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ ያለከለክሽው ብለው አወጡልኝ። የቀረሁባቸውን ቀኖች ከፈቃድ ወረቀቶቼ ገልብጬ ይዣለሁ። የካቲት 3 ቀረሁ፤ መዝገቡ ላይ የካቲት 4 ዝናብ። የካቲት 11 ቀረሁ፤ 12 ዝናብ። ከስምንቱ ሰባቱ! ሁልጊዜ በማግስቱ! ራሴ ዝናብን በአንድ ቀን ይቀድመዋል ማለት ነው። ጮህኩ። ምስኪን ኦቦ ቶሎሳ፣ አመማት ብለው ውሃ ሊያመጡልኝ ሮጡ።

መጋቢት 16፣ ዓርብ፣ ማታ

ነጻ ወጣሁ!! ሁለቱን ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ሊቀመንበሩ አየው፣ ጎኑ ላለው አቀበለ። ከዚያ ሳቅ። ከዚያ ማን ቢነሳ ጥሩ ነው? ጓድ በላቸው! ይሄማ ለምርት ይጠቅማል አለ። ሸንኮራው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ ይቃጠላል። ከተቃጠለ በኋላ ዝናብ ከመጣ መኪና ጭቃ ውስጥ ይቀራል፣ ሸንኮራውም እማሳው ላይ ይበላሻል። ስለዚህ ከእንግዲህ እሳት ከመለኮሱ በፊት የኔ ራስ ይጠየቃል። በቃለ ጉባኤ ተያዘ!

ቤት የደረስኩት እየበረርኩ ነው። እማዬ እልል አለች። ዳማከሴውን ግን አልጣለችም።

መጋቢት 19፣ ሰኞ፣ 6 ሰዓት

ጉድ ነው። ከናዝሬት በምንመጣበት ሰርቪስ ውስጥ ሴቶቹ ልብስ እናጥብ ወይስ ይቅር እያሉ ይጠይቁኛል። ሰላምታ የሚነፍገኝ ጓድ በላቸው ዛሬ ቢሮዬ በር ድረስ መጣ። እኔ እንዴት እንዳደርኩ ሳይሆን ራሴ እንዴት እንዳደረ ጠየቀ! ሐሙስ ማለዳ ትልቁ ማሳ ይቃጠላል፤ ረቡዕ ቃሌን ልሰጠው ነው። ልዋሽህ አልችልም ደብተሬ፣ ደስ ብሎኛል። ራሴ ባለሥልጣን ሆነ።

መጋቢት 21፣ ረቡዕ፣ 4 ሰዓት

ወይኔ ጉዴ።

ጠዋት ለጓድ በላቸው ራሴ ደህና ነው፣ ነገ ለኩሱ አልኩት። ከዚያ ለምስጋና አንድ እጅ ሙዝ ይዤ ኦቦ ቶሎሳ ጋ ሄድኩ። 3 ሰዓት ነው። ከመለኪያው ውሃ ቀዱ፣ ለኩ፣ ጻፉ። በዛሬው ቀን! ዛሬ መች ዘነበ አልኳቸው። የትናንቱ ነዋ አሉኝ። ዝናቡ የሚለካው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ የሚጻፈውም በተለካበት ቀን። ሥራ ከጀመሩ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

የካቲት 4 የተጻፈው የካቲት 3 የዘነበው ነዋ! ራሴ አይቀድምም። ትናንትም ከሰዓት ሲወጋኝ ነገ ይዘንባል ብዬ አስወራሁ፤ ማታውኑ እዚህ ዘነበ፣ ናዝሬት ሆኜ አላየሁትም።

ቆይ! ቆይ ቆይ! ያመመኝ እኮ የዘነበ ቀን ነው! ከስምንቱ ሰባቱን! አየሩ ሲለወጥ ነው ያልኩት እውነት ነው፤ አልዋሸሁም። ኦቦ ቶሎሳን አቅፌ ሳምኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። መዝገቡን ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለም፣ ዝም በይ አሉኝ።

ዝም ልበል? ነገ ማለዳ ሲለኩሱ ራሴ ደህና ይሆናል። ከሰዓት ቢዘንብስ? ራሴ የሚነግረኝ ማሳው አመድ ከሆነ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ቆራጭ ከሩቅ አገር የመጣው ለሸንኮራው ነው፤ በእኔ ራስ ሊበላሽበት?

10 ሰዓት

የጓድ በላቸው ቢሮ በር ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ተነግሮ ይውጣልኝ፦ ራሴ ይታመማል እንጂ አይተነብይም። እኔን አትጠይቁ፣ የነገውን እሳት አቁሙ። ከፈለገ አሻጥረኛ ይበለኝ፣ ዓርብ ኮሚቴው ፊት እደግመዋለሁ።

ግን ምን ዓይነት ዕድል ነው! አሁን፣ እዚሁ በሩ ላይ፣ ከግራ ዓይኔ በላይ ይወጋኝ ጀመር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አንዲት ዳመና የለችም። ዛሬውኑ ሊዘንብ ነው እኮ! እስቲ ይህን ደግሞ ማን ያምነኛል?

አንኳኳሁ። ከውስጥ ግቢ አለኝ።